የጦርነት አምደኛ ወዴት እንዳዘነበለ በምን ይታወቃል?

ጎጃም ውስጥ ስለ ጦርነት የተጻፈ ነገር ለሰው ብታሳዩ «ምን ይላል?» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። «የማን ነው?» ይላችኋል። ጋዜጣው የመንግሥት ነው ወይስ የግል? ጸሐፊው አዲስ አበባ ነው ያለው ወይስ ውጭ አገር? ከማን ጋር ነው? መልሱ ከተገኘ ጽሑፉ ራሱ ብዙም አይነበብም። የእኛ ሰው ከሆነ ይወደሳል፣ ለወዳጅ ይላካል። የእነሱ ከሆነ ይጣላል።

ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ሰው በብዙ መከራ የተማረው ነው። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የባለቤቱን ስም ማወቅ ጽሑፉ ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል ይጠቁማል። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳዘነበለ ግን አይነግርም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የምንወደውን ጸሐፊ ያለ ፍተሻ ማሳለፉ ነው። ስለዚህ ስለ ጦርነት የሚጽፍ አምደኛ ወገንተኝነቱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ እኛም እንዴት ልናየው እንደምንችል ላስረዳ።

ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት በምክንያት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መጀመሪያ ለስድስት ወር ነበር። ጥር 2016 ላይ በአራት ወር ተራዘመ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ ስለ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ቡሬ፣ ስለ ፍኖተ ሰላም፣ ስለ ሞጣ ብዙ ተጻፈ። እዚህ ያለው ሰው ግን የተጻፈበትን ማንበብ አይችልም ነበር። ጸሐፊውም ደውሎ የሚጠይቀው ሰው ለማግኘት ይቸገር ነበር። እዚህ የሌለ ሰው፣ እዚህ ለሌለ አንባቢ፣ ስለ እዚህ ይጽፋል። በዚያ ጽሑፍ የተነሳ ግን እዚህ ያለው ሰው ይፈረጃል። ልጁን ትምህርት ቤት ይላክ ወይስ አይላክ፣ መንገድ ይውጣ ወይስ ይቅር፣ የሚወስነውም እሱ ነው።

አምድ ማለት

ይህን ቶሎ ልለፈው። ዜና የሆነውን ይናገራል። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣውን የራሱን አቋም ይናገራል፣ ብዙ ጊዜም የጸሐፊ ስም የለውም። አምድ ስሙን አስቀምጦ የሚጽፍ ሰው አስተያየት ነው። ብዙ ጋዜጦች ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ ጋር ሐሳቡ የጸሐፊው ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ያወጣሉ።

ስለዚህ አምደኛ አቋም ያዘ ተብሎ አይወቀስም። ሥራው ነው። ልቡ ከየትኛው ወገን ጋር እንደሆነ ቢታወቅም ነውር የለበትም። የሚወቀሰው ለአንዱ ወገን የሚጠቀምበትን መለኪያ ለሌላው ሲነፍግ ነው። አንዱን «ማስረጃ አምጣ» እያለ የሌላውን መግለጫ እንዳለ ሲቀበል ነው። አንዱ ሲገድል ወንጀል፣ ሌላው ሲገድል ስህተት ሲሆንበት ነው። እኔ ወገንተኝነት የምለው ይህንን ነው።

ጽሑፉ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዞር ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ገጹ ፎቶ ይነሳል። የአምዱ ስም ይቆረጣል፣ ማሳሰቢያውም አብሮ ይቆረጣል። የአንድ ሰው አስተያየት የነበረው እንደ ዜና ይነበባል። አባይ በረሃን ተሻግሮ በአውቶቡስ የሚመጣው የወረቀት ጋዜጣ ቢያንስ የትኛው ገጽ ላይ እንዳላችሁ ያስታውቃል።

አንድ ጦርነት ያዩ ሰዎች

ወገንተኝነት ማለት ውሸት ማለት ብቻ የሚመስለን ከሆነ የራሳችን ታሪክ ሌላ ነገር ያሳየናል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ስትወረን አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተሞልታ ነበር። አንዱ ኤቭሊን ዎ ነው። የሚጽፈው ለለንደኑ ዴይሊ ሜይል ነበር። የጋዜጣው ባለቤት ሎርድ ሮዘርሚር የሙሶሊኒ ደጋፊ ነበር። ዎ ራሱም ለጣሊያን ያደላ ነበር። ሌላው ጆርጅ ስቲር ነው። እሱ ለዘ ታይምስ ይጽፋል፣ ልቡ ግን ከኢትዮጵያ ጋር ነበር። ሁለቱም አምደኞች ሳይሆኑ ዘጋቢዎች ናቸው። አንድ ከተማ ተቀምጠው አንድ ጦርነት ተከታተሉ። እንግሊዝ ያለው አንባቢ ግን እንደሚገዛው ጋዜጣ የተለያየ ኢትዮጵያ ያነብ ነበር።

ስቲር ስለወደደን እውነተኛ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ እንደዚያ አላልፈውም። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያቀኑ ስቲር የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። የፕሮፓጋንዳውን ሥራ የሚመራውም እሱ ነው። «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ካርቱም ላይ ይታተም ነበር። በራሪ ወረቀት ከአውሮፕላን ይበተን ነበር። ዓላማው ለጣሊያን የተሰለፈው ወታደር እንዲከዳ ነው። ለነጻነታችን የጠቀመ ሥራ ነው፣ ደስ ይለኛል። ፕሮፓጋንዳ መሆኑ ግን አይቀርም። የእኛ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም።

ታዲያ ይህን ሰው ማመን የሚቻለው መቼ ነው? በመካከሉ በ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1937) የእርስ በርስ ጦርነት ላይ በነበረችው ስፔን ውስጥ ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን ጌርኒካ የምትባል ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። የጄኔራል ፍራንኮ ወገን ከተማዋን ያቃጠሏት ጠላቶቻችን ራሳቸው ናቸው ብሎ ካደ። ስቲር የአውሮፕላኖቹን ዓይነት ጻፈ። ድብደባው የቆየበትን ጊዜ ጻፈ። የጀርመን ንስር የታተመባቸው የቦንብ ቀፎዎች መገኘታቸውን ጻፈ። ልቡ ከማን ጋር እንደነበረ ማንም ያውቃል። ያቀረበው ነገር ግን ጠላቱም ሊመረምረው የሚችል ነበር። «እመኑኝ» አላለም። የሚጨበጥ ነገር አስቀመጠ።

የተገላቢጦሹን ደግሞ በኢንድሮ ሞንታኔሊ እናያለን። በ1928ቱ ወረራ ወጣት የጣሊያን መኮንን ሆኖ አስካሪዎችን፣ ማለትም ለጣሊያን የተሰለፉ የቅኝ ግዛት ወታደሮችን፣ ይዞ ዘመተ። በኋላ በጣሊያን እጅግ ከሚነበቡት አምደኞች አንዱ ሆነ። ጣሊያን ኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ አልተጠቀመችም ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ተከራከረ። መከራከሪያው ቀላል ነበር፤ እዚያ ነበርኩ፣ አላየሁም። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እያወጣ ሞገተው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ። ሞንታኔሊም ሰነዶቹ እንደረቱት በጽሑፍ ተቀበለ። ተከዜ ላይና አሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ቆዳቸው የተቃጠለው ሰዎች ጉዳይ በወራሪያቸው አገር እስኪታመን 60 ዓመት ፈጀ። አብዛኞቹ ቀኑን አላዩትም።

ምናልባት ሞንታኔሊ በእርግጥ በዓይኑ አላየም ይሆናል። ጥፋቱ ያላየውን አልነበረም ማለቱ ነው። ይህ ዛሬ እዚህም በየቀኑ ይሰማል። «እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም» የሚል አለ። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ደጋ ዳሞት የሆነውን እንዴት ሊያይ ይችላል? መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ? በቦታው መሆን ትልቅ ነገር ነው። የሚያስመሰክረው ግን ስላዩት ብቻ ነው።

ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የሠለጠነ አምደኛ አንድም የፈጠራ ወሬ ሳይጽፍ ሊያዳላ ይችላል። የመጀመሪያው ዘዴ የመነሻ ቀን መምረጥ ነው።

ስለ አሁኑ የአማራ ክልል ጦርነት የተጻፉ አምዶችን ወስዳችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንቀጾች ብቻ አንብቡ። አንዱ ሐምሌ 2015 ላይ ይጀምራል፣ ታጣቂዎች ከተሞችን ሲይዙ። እንዲህ ከተጀመረ መንግሥት ራሱን የተከላከለ ይሆናል። ሌላው መጋቢት ማብቂያ 2015 ላይ ይጀምራል፣ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፈርሳሉ ሲባል። እንዲህ ከተጀመረ የተነካው ክልሉ ነው። ሦስተኛው ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ይነሳል። አራተኛው 1983 ድረስ ይመለሳል። ሁሉም ቀኖች እውነት ናቸው። ፍርዱ ግን አምዱ ሳይጋመስ አልቋል።

የሰሜኑ ጦርነትም እንዲሁ ነው። አንዱ የሚጀምረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ሲጠቃ ነው። ሌላው ከዚያ በፊት፣ ጳጉሜን 2012 ትግራይ ውስጥ ከተካሄደው ክልላዊ ምርጫና ምርጫው ካስከተለው ፍጥጫ ይነሳል። ለአንባቢ የምመክረው አንድ ነገር ነው። አምደኛው ከመረጠው ቀን በፊት ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጸሐፊው ቢያውቅም ዘሎት ከሆነ ለምን እንደዘለለው ይገባችኋል።

ሁለተኛው ዘዴ የሚታየውን መምረጥ ነው። ጤፍ ተራ የዋለ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። የጆንያው አፍ ላይ ንጹሕ ማኛ ይታያል። እጃችሁን ወደ ታች ስትሰዱ ሰርገኛው ይመጣል። ላይ ያለው ጤፍ ሐሰት አይደለም፣ ፍሬ በፍሬ እውነተኛ ማኛ ነው። አንዳንድ አምድም እንደዚያ ነው። የተማረኩት ወታደሮች ይቆጠራሉ፣ የሞቱት ገበሬዎች አይቆጠሩም። የተመረቀው ድልድይ ይጻፋል፣ የተዘጋው ጤና ጣቢያ አይጻፍም። የጻፈውን አንድ በአንድ ብታረጋግጡ ስህተት አታገኙበትም።

ማን ገደለ?

ሦስተኛውን ዘዴ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው፣ ምክንያቱም በአማርኛችን በጣም የተለመደ ነው። አድራጊውን ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣት ነው።

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ላይ የሆነውን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች «ፋኖን ደግፋችኋል» ተብለው በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን አሳወቀ። ይህን ይዞ አንድ አምደኛ «በመራዊ በተከሰተው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሐሰት የለበትም። ግን ገዳይ የለም። ቁጥር የለም። የሟቾቹ ሲቪልነት የለም። ሕይወት በራሷ ጊዜ ጠፋች።

ይኸው ኮሚሽን በዚያው ጦርነት ታጣቂ ቡድኖች የፈጸሙትን ግድያና እገታም በሪፖርቶቹ አስፍሯል። እዚያ ላይ ደግሞ የሌላኛው ወገን አምደኛ ብዕሩ ይለሰልሳል። የተገደለው የቀበሌ ሠራተኛ «እርምጃ ተወሰደበት» ይባላል። የታገተው ነጋዴ ከነጭራሹ አይነሳም። «እርምጃ ተወሰደ» የሚለውን አነጋገር ሁሉም ታጣቂ፣ ሁሉም መንግሥት ተጠቅሞበታል። እኔ ይህን ሐረግ አምድ ውስጥ ሳገኝ እቆማለሁ። ማን ወሰደ? በማን ላይ? በየትኛው ዳኛ? ከሥር ያለውን ሰው ሳላገኝ አላልፍም።

አጠራሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በዚህ በጎጃም አባ ኮስትር በላይ ዘለቀን ማንሳት ይበቃል። ጣሊያን ሽፍታ አለው። አገሬው አርበኛ አለው። ከድሉ በኋላ ደጃዝማች ተባለ። በ1937 ዓ.ም. የራሱ መንግሥት አምፀሃል ብሎ ሰቀለው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ዛሬም አንዱ «ጽንፈኛ»፣ «ጃውሳ» ይላል፣ ሌላው «አርበኛ» ይላል። አንዱ «ጀግናው መከላከያ» ይላል፣ ሌላው «የአገዛዙ ጦር» ይላል። እነዚህን አውጡና በቦታቸው «ፋኖ» እና «የመንግሥት ጦር» ብላችሁ አንብቡ። ክርክሩ ከቆመ ጥሩ አምድ ነው። ከፈረሰ በስድብና በሙገሳ ብቻ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ለምን ያዘነብላሉ?

ባለቤትነት የታወቀው ምክንያት ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ጋዜጣ ነው። ባሕር ዳር ላይ በ1987 ዓ.ም. የተጀመረችው በኩር በክልሉ መንግሥት ሥር ናት። እዚያ የሚጽፍ ሰው መንግሥትን በጦርነት ጉዳይ አምርሮ ይሞግታል ብሎ የሚጠብቅ የለም። የግል ባለቤትም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካና እንግሊዝ ኢራቅን ሊወሩ ሲሉ በሦስት አህጉራት የነበሩት የሩፐርት መርዶክ ጋዜጦች በአንድ ድምፅ ሊባል በሚችል ሁኔታ ጦርነቱን ደገፉ። ባለቤትነት ግን ሁሉን አይፈታም። በዚያው ጊዜ የእንግሊዞቹ ጋርዲያንና ኦብዘርቨር የአንድ ድርጅት ጋዜጦች ነበሩ። ጋርዲያን ጦርነቱን ተቃወመ፣ ኦብዘርቨር ደገፈ።

የኢራቁ ነገር ስለ ወሬ ምንጭ ብዙ ያስተምራል። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ እንዳላት ለጸጥታው ምክር ቤት አስረዳ። በማግስቱ ዋሽንግተን ፖስት ማስረጃው የማይታበል ነው ሲል ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። አሉ የተባሉት መሣሪያዎች አልተገኙም። ሜይ 26 ቀን 2004 የኒውዮርክ ታይምስ አዘጋጆች ዘገባቸው በቂ ጥንቃቄ እንዳልነበረው ለአንባቢ አመኑ። ከጠቀሱት ድክመት አንዱ የሳዳም ሁሴን መንግሥት እንዲወድቅ የሚፈልጉ የኢራቅ ስደተኞችንና ከድተው የወጡ ሰዎችን ቃል አብዝቶ ማመን ነበር። ጦርነቱን ያወደሱ ታዋቂ አምደኞች ግን አብዛኞቹ አምዳቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። የሞተው ኢራቃዊ ነው።

ይህን ወደ ጎጃም ስናመጣው ይከብዳል። ስለ እኛ የሚጽፈው ሰው መረጃውን ከሁለት ቦታ ያገኛል። አንደኛው የመንግሥት መግለጫ ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር ሆነው ከታጣቂው ጋር የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ጦርነቱ በአንድ መንገድ እንዲያልቅ የሚፈልጉ ናቸው። መካከል ያለው ሰው፣ አርሶ አደሩ፣ አስተማሪው፣ የቡሬ ደላላ፣ የደጀን ሾፌር፣ አይጠየቅም። ቢጠየቅም ይፈራል።

ፍርሃት ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ጋዜጠኞች ታስረዋል። ሐምሌ 2013 ላይ አዲስ ስታንዳርድ የተባለው የግል መገናኛ ብዙኃን ፈቃድ ታግዶ ከቀናት በኋላ ተመልሶለታል። አገር ውስጥ ያለው አምደኛ ይህን እያሰበ ይጽፋል። ብዙው ወገንተኝነቱ ከጻፈው ይልቅ ባልጻፈው ላይ አለ። ውጭ ያለው ደግሞ መንግሥትን አይፈራም። እሱ የሚፈራው አንባቢውን ነው። ስለ ፋኖ አንዲት የወቀሳ ቃል ቢጽፍ በማግስቱ «ባንዳ» ይባላል። ድጋፉም ይቀራል፣ ተከታዩም ይሸሻል። አንድ ጸሐፊ ደጋፊዎቹ ከሚሰጡት ገንዘብ የሚኖር ከሆነ ደጋፊዎቹ መስማት የማይፈልጉትን ለመጻፍ ትልቅ ድፍረት ይጠይቀዋል። ይህ ድፍረት ያላቸውን ሰዎች አከብራለሁ። ጥቂት ናቸው።

ስም ቀይሮ ማንበብ

እኔ ከሁሉ የምተማመንበት መፈተሻ ይህ ነው። አምዱን አንብቡ። ከዚያ የወገኖቹን ስም ቀያይራችሁ ደግማችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ንባብ ላይ «ልክ ነው» ያላችሁት ሁለተኛው ላይ ካስቆጣችሁ፣ ወገንተኝነቱ ከጽሑፉም ከእናንተም ውስጥ አለ ማለት ነው።

ይህን በራሳችን ላይ ካልሠራነው ምንም አይጠቅምም። ጥቅምት 2013 ላይ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ እኛ የምንወዳቸው አንዳንድ አምደኞች ጉዳዩን ለጸጥታ አስፈላጊ ነው ብለው አለፉት። አንዳንዶቹ ጨርሶ አላነሱትም። ጦርነቱን «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» በሚለው የመንግሥት ስም ጠሩት። የሲቪሎች ሞት ሲነሳ የጠላት ፕሮፓጋንዳ ነው አሉ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ መስመሩ ጎጃም ላይ ተቋረጠ። ያን ጊዜ የመንግሥትን መግለጫ አትመኑ፣ ኢንተርኔት መቁረጥ ወንጀልን መሸፈን ነው ብለው ጻፉ። ሁለተኛው ጽሑፋቸው ትክክል ነው። አንድም ቃል አልቀንስበትም። የመጀመሪያውን ግን ዝም ብለው ተራመዱት። የትግራይ አንባቢ ያንን ያስታውሳል። ዛሬ ስለ መራዊ ስንጮህ «ያኔ የት ነበራችሁ?» ቢለን የሚገባ ጥያቄ ነው።

በሌላውም በኩል አለ። ትግራይ ላይ ለደረሰው ግፍ በየሳምንቱ የጻፉ፣ የሲቪል ሞት በየትኛውም ስም አይሸፈንም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሕወሓት አማራና አፋር ክልል ሲገባ ወልዲያ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሆነው ብዕራቸው ደረቀ። አሁን ስለ ጎጃምም ዝም ያሉ አሉ። መለኪያቸው ስለ ሰው ሕይወት ከነበረ ቦታ ሲቀየር ለምን ይጠፋል?

ሌላው መፈተሻ ቀለል ይላል። ይህ አምደኛ የራሱን ወገን ያስከፋ ነገር ጽፎ ያውቃል? ባለፈው ዓመት ይሆናል ያለው ካልሆነ ተመልሶ ጠቅሶታል? የሚናገረውንስ ከየት እንዳወቀ ይናገራል? «ታማኝ ምንጮች» የሚለው ብቻ ካለ፣ ምንጩ የት ሆኖ ይህን ሊያይ እንደቻለ ቢያንስ መጠቆም ነበረበት። የምንጩን ስም መደበቅ ተገቢ ነው፣ በዚህ ጊዜ ግዴታም ነው። የምንጩን ቅርበት መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

መካከል ላይ ቆሞ ሁለቱንም እኩል መውቀስ ሚዛናዊነት የሚመስለውም አለ። እኔ አይመስለኝም። አንድ ቀን 45 ሰው የተገደለበትን ነገር ጽፎ፣ ለማመጣጠን ብቻ ከሌላው ወገን አንድ ጥፋት ፈልጎ መጨመር ሟቾቹን ማሳነስ ነው። አንድ ዓይነት መለኪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አያመጣም። በአንዱ ወር አንዱ ወገን ብዙ ገድሎ ሊሆን ይችላል። እንደሆነው መጻፍ ነው።

ከዚህ ማን ይጻፍ?

ከሁሉ የሚቆጨኝ ስለ ጎጃም በሚጻፈው ውስጥ ጎጃሜው በብዛት አለመኖሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተምራል። እንጅባራ አለ። የቅኔ ቤቱ አገር ነው፣ ቃል የሚጠፋው ሰው አይደለም። ሰዉ ዝም ያለው ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱንም አልንቀውም።

ቢሆንም ለጋዜጣ አምድ ወይም ለአዘጋጅ ደብዳቤ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ካለ ማድረግ የሚችለው አለ። የጦርነቱን ታሪክ ሁሉ መጻፍ የለበትም። ያየውን ብቻ ይጻፍ። ቀኑን ያስቀምጥ። ገበያው የቆመው ለስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ማዳበሪያው በክረምቱ ደርሶ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ መቼ እንደተዘጋና መቼ እንደተከፈተ ይጻፍ። በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለይ፣ «ሰማሁ» ለማለት አይፈር። የቀበሌው ስም ምስክሩን የሚያጋልጥ ከሆነ ወረዳውን ብቻ ይበል። በአንድ መንደር አንድ አዋላጅ ወይም አንድ ርእሰ መምህር ብቻ ካለ ሙያውንም አይጥቀስ፣ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃልና። ፎቶ ካለ ከመላኩ በፊት የሰው ፊት፣ የቤት በርና የመኪና ሰሌዳ ይሸፈን። አዘጋጁ ርዕሱን ሊቀይር ስለሚችል ከመታተሙ በፊት ርዕሱን እንዲያሳየው ይጠይቅ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሙሉውን ገጽ ያስቀምጥ፣ ተቆርጦ ሲዞር ያልተቆረጠውን ማሳየት እንዲችል።